ጫማ ጠጋኙ የሰጠው ቃል

ግሪምስቢ ወደቡ፥ የዓሣ ሽታ አገር፣
ከገበያው በራፍ፥ ከጣቢያው አጥር ሥር፣
ጫማ እጠግናለሁ፥ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ፤
ፊት ብረሳ እንኳን፥ ተረከዝ አይጠፋኝ።

በጥቅምት መጨረሻ፥ አንድ ሰው መጣና፣
አሮጌ ከስክሱን፥ ፊቴ አኖረና፣
«ፊቴን እንዲያሳየኝ፥ ልክ እንደ መስታወት፣
ቅዳሜ ሰልፍ አለኝ» አለኝ በትሕትና።

በሰም በምራቄ፥ ክብ ክብ አሸሁት፣
መብራት አፍንጫው ላይ፥ እስኪቆም ወለወልኩት፤
አራት ፓውንድ ከሃምሳ፥ ቆጥሬ ተቀበልኩት።

ስፌቱ ግን ነጭ ነው። ጨው በልቶት ተሰንጥቋል።
ይህን ጨው አውቀዋለሁ፤
የበረሃ አሸዋ አይደለም፤ የዓሣ ፋብሪካ ወለል ነው፤
በረዶ እየቀለጠ፣ ቅርፊት እየተገፈፈ፣
ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር ሰው ጫማ ነው።
አውቄ ዝም አልኩ። ምን አገባኝ፣ ደንበኛ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱን፥ ሱፐርማርኬቱ ፊት፣
ቀይ መለዮ ደፍቶ፥ ቆሞ አገኘሁት፤
ደረቱ ላይ ኒሻን፥ ስድስቱን ደርድሮ፣
«ለቁስለኛ ጓዶች»፥ ባልዲው ላይ አስፍሮ፣
«ሻምበል ሮድኒ» ይላል፥ ቀና ብሎ ኮርቶ፣
ሜዳ ሳያይ ዓይኑ፥ ሜዳሊያ አብርቶ።
ሕፃን የከረሜላ፥ አሮጊት የአውቶቡስ፣
ጣሉለት፤ እሱ ግን
ቂው ባለ ቁጥር ባልዲው፥ ሰላምታ ሲመልስ።

ከዚያ መጣች ሄስተር።
ሄስተር ሞልት ማለት፥ ከሱቄ በላይ ያለች፣
ጋሬት የሚባል ልጅ፥ ለሄልማንድ የሰጠች፣
ያን ዓመት ሳትጠራ፥ «ያኔ» የምትል ነች።

«ጋሬትን ታውቀው ነበር?»
ትንሽ ዝም አለ። ይህ ዝምታው ነው እኔንም ያታለለኝ።
«ጋሬት! እንዴት ይረሳል፤ ሻይ የሚያፈላልን እሱ አልነበር፣
ስኳሩን አብዝቶ፣ ጠዋት ጠዋት እየቀለደ።»
አምስት ፓውንድ አጣጥፋ ባልዲው ውስጥ ከተተች።
መለዮው ዘምሞ ነበር፤ አቃናችለት።

ስትመለስ በኔ በኩል አለፈች፤ ጃንጥላዋን አራግፋ፣
«ጋሬት ሻይ አይወድም ነበር» አለችኝ፣
«ከሕፃንነቱ ጀምሮ። ሽታው ያስመልሰው ነበር።»
ሌላ አልጨመረችም።
ልናገር አፌን ስከፍት፥ ምስማር ነበረበት፤
እሱን አንድ በአንድ፥ የሰው ሶል ላይ መታሁበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜም አምስት ፓውንድ ይዛ ሄደች።
በሦስተኛው፣ በፔርሙዝ ሻይ አፍልታ መጣች፣
ስኳሩን አብዝታ።
ሲጠጣ ቆማ ታየው ነበር፣ እስከ መጨረሻዋ ጉንጭ።

ለገና አንድ ሳምንት፥ ሲቀር ፖሊስ መጣ፤
የባልዲው ሳንቲም፥ ጠረጴዛዬ ላይ ወጣ፦
ሰማንያ ሁለት ፓውንድ፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ግማሽ ጥንድ ጉትቻ፤
ኒሻኑም በደርዘን፥ በፖስታ የመጣ።

ሮድኒ አላለቀሰም። መኪናው ውስጥ ሊያስገቡት ሲሉ
ከስክሱን ጭቃ ነካው፤ ጎንበስ ብሎ በእጅጌው ጠረገው።
ያን ጊዜ ሄስተር ወረፋዋን ትታ ሮጠች፤
የመኪናውን መስኮት በቀለበቷ ትመታ ጀመር፦
«ሌላስ?» ትላለች፣ «ሌላስ ምን ይል ነበር?
ጠዋት ጠዋት ምን እያለ ነበር የሚቀልደው?»
መኪናው ሄደ። እጇ አየር ላይ ቀረ።

መርማሪዋ ጠየቀችኝ። ስለ ስፌቱ ጨው፣
ስለ ተረከዙ ነገርኳት፤ ጻፈችው፤ ፈረምኩ።
ያልጻፈችው ይህን ነው፦

እሱ ያን ሁሉ ወርቅ፥ ሲያፍስ ከመንገዱ፣
ሰሙ የኔ ነበር፥ ከእጄ ነው መሄዱ።
ሂሳቤም ተከፍሎኛል።
አራት ፓውንድ ከሃምሳ።