የተረፈው ብሎን

በቀን አትነካም።
ድሬ ላይ እኩለ ቀን ብረት እጅ ይበላል፤
ካቻቢቴው ራሱ እንደ ፍም ይግላል።

አዛኑ ካበቃ፣ ጀንበር ከወረደች፣
ከኒሙ ዛፍ ሥር አሮጊቷ ጉዚ ትጠብቀኛለች።
አምፖሉን ከቅርንጫፍ በገመድ አስሬ፣
ጀሪካን ደፍቼ፣ ከጎኗ ቁጭ ብዬ፣
ብሎን እፈታለሁ እስኪሰማ ድፍን ድሬ።
ቀይ ነበር ሰልባትዮዋ፤ አሁን ግን ቀለሙ
ደቻቱ ሲሞላ ይዞት የሚወርደው፣ እንጃ ምን እንደሁ ስሙ።

አባቴ ለገሃር፣ በባቡሩ ቤት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፈረንሳይኛ ሲገራ ኖረ ብረት።
«ዊ ሙሴ» ለአለቃ፣ «ቦንዡር» ለባቡሩ፤
ቤት ሲመጣ ደግሞ፣ ከሷ ጋር ሲሆን፣ ጣልያንኛ ነበር ነገሩ፦
ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣
እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ ቃል ሳያዛንፍ፣ ጠዋትና ማታ።
እኔ አማርኛ መስሎኝ የቃሉ ሁሉ ዘር፣
ድርሰት ላይ ጽፌው፣ መምህርት ፍሬገነት
በቀይ የሰረዙት ያን ሁሉ ነበር።

እሱ ካረፈ ወዲህ ስድስት ዓመት ቆማ፣
ዶሮ ያድር ነበር ከወንበሯ በላይ፣ ድመት ከጎማ።

የጎረቤት ምክር! በምርቃና ሰዓት ብዛቱ፦
«ካርቡራተሩን ንፊው!» ይላል ዩስሪ፣ ጉንጩን ሞልቶት ጫቱ።
«ሽጪያት ለቁራሌው» ይላሉ ወይዘሮ ዘሃራ፤
«ጥፍርሽን እዪና፣ ማን ያገባሻል?»
ይሄ አጎቴ ዳመነ ነው፣ ሦስት ትዳር ያፈረሰ አውራ።

ጉልበት አይፈታውም የዛገን ብሎን፤
ናፍጣ አጠጥቶ ማደር ነው፣
ጠዋት «እንዴት አደርክ» ማለት፣ ለማኝ መሆን።

ብሎኑስ ተፈታ። የቀረው ጓርኒሲዮን።
በካርቡራተሩ አንገት ንፋስ ትስባለች፤
እንደ ነገረኛ ጮሃ ጮሃ፣ ድንገት ዝም ትላለች።
ታይዋን ገበያ ብል፣ አሸዋ ብል፣ የባጃጅ እንጂ የሷ የለም፤
«እኛ ሳንወለድ ሄዳለች» አለኝ አንዱ ሳቅ እያለ፣ «ከዚህ ዓለም።»

የአባቴን ሣጥን ከፈትኩ፤ ከካኪ ልብሱ ሥር
ያልተሸጡ ቲኬቶች፣ አንድ እሽግ፣ የታሰሩ በክር።
ድሬዳዋ — ጅቡቲ። ሁለተኛ ማዕረግ።
ወፍራም ካርቶን ነው፣ ልክ የምፈልገው።
መቀስ አነሳሁ፤ አስቀመጥኩ፤ ይኼ እንዴት ይደረግ?
ማን ነበር የሚቀመጥ በዚህ ቁጥር ወንበር?
ለአይሻ ሽንኩርት የጫነች? ወይስ ሱሪ በሱሪ ደርቦ
ፍተሻ የሚያልፍ ሰው ነበር?

ቆረጥኩት።
በምላጭ፣ በዝግታ፦ ሁለት የብሎን ቀዳዳ፣ አንድ የንፋስ ጉሮሮ።
«ጅ» መሬት ወደቀ፤ «ቡቲ» ከብረቶች መሃል ገባ ተሰንቅሮ።

ረገጥኳት። ሳል።
ረገጥኳት። ሳል።
በሦስተኛው ተነሣች፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ፤
የነዩስሪ ጫት በአየር ላይ ቀረ፣
አፍ ሳይደርስ፤ ደነገጡ፣ አመኑ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፦ ዱብ… ዱብ… ዱብ… ቀስ ያለ፣
በአንሶላ ውስጥ ሳለሁ፣ ከሌሊት ሥራ መልስ፣
ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «ደርሻለሁ» ያለ።

ከዚራን ቁልቁል ወረድኩ፣ ፍሬኗን ሳላምን፤
ጃካራንዳ የለም ድሬ፣ አበባ አልበተነልን፤
አቧራ ነበር፣ ሙቅ ንፋስ፣ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ፤
እጄ ይንቀጠቀጣል፣ በሷ ይሁን በኔ፣ አልለየሁም ላፍታ።

ደቻቱ ድልድይ ላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ ጠፋች።
እንዲሁ።
«አቦ፣ እንግፋልሽ!» አሉ ልጆች። ገፋን።
ባጃጆች ጡሩምባ እየነፉ፣ በግራ በቀኝ አለፉን።

ቤት ገብቼ ሳይ፣ ከሳሕኑ፣ ከግሪሱ መሃል፣
አንድ ብሎን ተርፏል።
ከየት እንደ ወጣ አላውቅም፤
አጭር ነው፣ ጥርሱ ያልተበላ።
አባቴ ቢኖር በጣልያንኛ ስሙን ይጠራው ነበር።
ኪሴ ከተትኩት።
ነገ ማታ፣ ከአዛን በኋላ።