አራት ደቂቃ

የሃልቤራ ማረፊያ ቤት አስፋልቱ ካለቀበት፣ ከባሕሩ ጥግ ነው፤
ቁልፍ ስትሰጥ ምክር ትጀምራለች፣ ምክሩ ሳያልቅ ቁልፉን የማትለቀው።

«የመኪናህን በር ስትከፍት በሁለት እጅህ ያዘው፤
ነፋሳችን ገንጥሎ ለባሕር ነው የሚያወርሰው።
ጃንጥላህን እዚሁ ተወው፣ እዚህ ዕድሜ የለው፤
ዝናባችን ከላይ አይወርድም፣ ከጎን ነው የሚገባው፣
እንደ ጎረቤት፣ ሳያንኳኳ።

ትንበያ? አለ፣ ለጠዋቱ ብቻ፤
ከሰዓት በኋላ ሌላ አገር ነው።
ባሌ ቶርኬል ሠላሳ ዓመት በረዶ ጠርጓል፣
‹ሰማይ ይዋሻል› ይል ነበር፣ ‹መንገዱን ጠይቀው›።

በሰኔ ከመጣህ ጥቁር መጋረጃ አለኝ፣
ከአሮጌ የጀልባ ሸራ የሰፋሁት።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጎረቤቴ ሣር ያጭዳል፣
ልጆቹ ኳስ ይለጋሉ፣ ማን ‹መሽቷል፣ ግቡ› ብሎ ይቆጣል?
አልመሸማ!
እኔስ ጠዋት ምን ልበልህ?
ሌሊት ላልነካው ሰው ‹እንዴት አደርክ› ይባላል?
ብርሃንም ያሰክራል፤ አንድ ተማሪ፣ ከፕራግ የመጣ፣
ሦስት ቀን ሳይተኛ ተራራ ሲቧጥጥ ሰነበተና
ሾርባዬ ውስጥ ፊቱን ነክሮ አንኮራፋ።

በታኅሣሥ ግን ቀኑ አንድ ጉርሻ ነው፣ ሳታላምጠው የሚወርድ።
ፀሐይቱም ከዚያ ተራራ ጀርባ ታልፋለች፣
ወደ ሌላ ሰው መንደር።
ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ማለቂያ
እኛ ዘንድ የሚደርሰው ወሬዋ ነው።»

እኔ የመጣሁት በጥር ነው፣ በወሬው ጊዜ።
ከምድጃዋ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የእርሳስ ክቦች አየሁ፤
ፀሐይ በተመለሰች ቀን ያረፈችበት ቦታ፣ በየዓመቱ፣
እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው።
አንድ ዓመት ግን የለም።
«ደመና ነበር?» አልኳት።
«ጥርት ያለ ቀን ነበር አሉ።
ቶርኬልን በገና ማግስት ቀብረን፣
የሰኔውን መጋረጃ ሰቅዬው ነበር።»
ሌላ አልጨመረችም። ሊጡን አማሰለች።

በመጣሁ በአምስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ የጎረቤት ልጅ ኢሉጊ
የጫማውን ክር ሳያስር እየጮኸ መጣ፤
«ጫፉ ላይ ናት! ጫፉ ላይ ናት!»
የተራራው ጠርዝ ቀላ፣ ጋለ፣ ተሰነጠቀ፤
መዳፍ የምታህል ቢጫ በመስኮቱ ገብታ፣
የጨው ዕቃውን ተሻግራ፣ ግድግዳው ላይ ወጣች።
ሃልቤራ እርሳሱን ለእኔ ሰጠችኝ።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤
እጄ ተንቀጥቅጦ ክቡ እንቁላል መሰለ።

አራት ደቂቃ።
ከዚያ ተራራው መልሶ ወሰዳት፤
መጥበሻው ላይ የተረሳው ቂጣ አንድ ፊቱ አርሯል።
ለሦስት ተካፍለን በላነው፣ ያረረውን ጭምር።
«ነገ ሰባት ደቂቃ ትቆያለች» አለች ሃልቤራ፣
ከጣቷ ላይ ሊጥ እየፈቀፈቀች፣
«ነፋሱ ደመና ካላመጣ።»