የጉዞው ምክንያት

የጫማ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት፣
የአራት ዓመት የነዳጅ ደረሰኝ፣ ባሌ አስር አለቃ ኤምሊን
ከኪሱ እያወጣ የጣለው፣ እኔ የሰበሰብኩት።
ውጭ የካተሪክ ዝናብ እንደ ምልምል ወታደር ያለ እረፍት ይሮጣል፣
እሱ እጁን ይታጠባል፤ የሞተር ዘይት ነው፣ መቼ በሳሙና ይለቃል።

«ቀኑ?» እለዋለሁ። «ከየት ወዴት? ስንት ማይል?»
«ካተሪክ፣ ሌክንፊልድ፤ ደርሶ መልስ መቶ ሃምሳ በል።»
መጨረሻ ላይ አንድ ዓምድ አለ፣ ጠባብ፣ ባለ ቀጭን መስመር፣
«የጉዞው ምክንያት» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምር።
«ኮርስ» ብዬ እጽፋለሁ። «ተኩስ ሜዳ»። «ኮርስ»። «ጥገና»።

ሕጉን ሦስት ሌሊት አንብቤዋለሁ፣ ልጁ ከተኛ በኋላ፤
ከቤት እስከ ጦር ሰፈሩ አይቆጠርም፣
ለጊዜው የላኩት ቦታ ነው የሚበላ።
ጦሩ ለማይል ሃያ አምስት ፔንስ ሰጥቶታል፤ የተፈቀደው አርባ አምስት ነው፤
የቀረችውን ሃያም እንዳለች አይመልሱም፣ የሚመለሰው ግብሯ ነው።
ታሽታ፣ ተነፍታ፣ ተበጥራ፣
ለአንድ ማይል አራት ፔንስ፤ እሷው ናት የኛ አዝመራ።

«አራት ፔንስ!» አለ ኤምሊን። «ዝንብ አታጠግብም።»
«ሃያ ስምንት ሺህ ዝንብ ነው» አልኩት፣ «ቁጠር እንጂ፤ ዝም!»

የአንዳንዱ ቀለም ጠፍቷል፤ ሙቀት የበላው ወረቀት፣
ነጭ፣ እንደ ሐኪም ቤት አንሶላ፣ ስምም ቁጥርም የሌለበት።
እነዚያን በትእዛዝ ደብዳቤ፣ በስልኩ ካርታ አሳደድኳቸው፣
በልጃችን የልደት ፎቶ፣ እሱ በሌለበት፣ ቀናቸውን አገኘኋቸው።

አንዷ ግን አልደበዘዘችም። ጥቁር፣ ጥርት ያለች፣
ማርች አሥራ አራት፤ «ሃቨርፎርድዌስት» ትላለች።
ያን ሳምንት ሌክንፊልድ ነበር። ሌክንፊልድ ብሎኝ ነበር።
የዌልስ ጫፍ የት፣ ሌክንፊልድ የት? መሀሉ ስንት አገር!
ሚስት ነኝና፣ ወደ ሴት ሮጠ ሐሳቤ፣
የማላውቃት ሴት መጋረጃ ታየኝ፣ ቢጫ፤ ፈላ ልቤ።

«ምክንያቱ?» አልኩት። ድምፄ እንደ ቅጹ ደረቀ።
ፎጣውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አጠፈ፤ ወደ መስኮቱ ራቀ።
«የታላን እናት» አለ። ለጥቂት ጊዜ ዝናቡ ብቻ ተናገረ።
ታላን፣ ኦተርበርን ሜዳ፣ ከተገለበጠው መኪና ሥር የቀረ።

«ዓርብ ዕለት ለጎማ አርባ ፓውንድ አበደረኝ።
ማክሰኞ ሞተ። ደሞዝ ሐሙስ ነበር።
በፖስታ አሽጌ ሦስት መቶ ማይል ነዳሁ፤
በሯን አየሁት፣ ሰማያዊ ነው። አልወረድኩም።
ነዳጅ ሞልቼ መጣሁ።»

ስድስት መቶ ማይል፣ በአራት ፔንስ፣ ሃያ አራት ፓውንድ ነው፤
«ሌክንፊልድ» ብዬ ብጽፍ ግብር ሰብሳቢው በምን ሊያውቀው?
«ሁሉም ይቀላቅላል» ብላኛለች ቬሪቲ፣ የሃምሳ አለቃው ሚስት።
እጄ ወደ ዓምዱ ሄዶ ተመለሰ፤ አጣ ለዚህች ውሸት ድፍረት።
ደረሰኟን ከጨው ዕቃው ሥር ለብቻዋ አኖርኩ፣
የቀረውን ደምሬ ላኩ።

በስምንተኛው ሳምንት ገባ፣ አንድ ሺህ መቶ ሃያ፤
ጭስ ማውጫው ገሚሱን ዋጠ፣ ሌላው ለጎማ መቀየሪያ።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። ፖስታው መኪናው ኪስ ውስጥ አለ፣
ጠርዙ በዘይት ጣት የቆሸሸ፣ ሁለት ሃያ እንደ ያዘ፣ እንደ ታሸገ፣ እንዳለ።
«ምን እላለሁ?» አለኝ ሽሩዝበሪን ስናልፍ፤ ድምፁ አልተቃና።
«ያለብህን በል» አልኩት፤ «አርባ ፓውንድ። ከዚያ ጀምርና…»

በሩ ያው ሰማያዊ ነው፣ በቅርቡ የተቀባ።
«ደወሉ አይሠራም፣ አንኳኩ» ይላል ብጣሽ ወረቀት፤
ዘይት ያልለቀቀው እጁ ተነሥቶ አየር ላይ ቀረ፤
ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል፣ የአየር ጠባይ ዘገባ።

አንኳኳ።

እኔ ከልማዴ ማስታወሻ አወጣሁ፤ ሦስት መቶ ሁለት ማይል።
የመጨረሻውን ዓምድ ባዶ ተውኩት፣
መቀርቀሪያው ከውስጥ ቋ ሲል።