አንበሳው

ለዘመድ ክርስትና ዘጌ ልንሻገር፣
ጀልባው ሲያጣድፈን አንጓች ያዘች ነገር፦
ውሃ በኩባያ አሳድራ፣ አጠጥራ፣
ከበረዶው አናት አንድ ብር አኑራ፣
ከቆሮሶው አጠገብ ስታስቀምጥ አየኋት።
«ጉቦው ለማን ይሆን?» እየሳቅሁ ጠየቅኋት።
«ለዘበኛ» አለች።

ሌሊት ከደብሩ ደጅ ማዶ ማዶ ሳይ፣
ባሕር ዳር የለችም፤ ሐይቅና ሰማይ
አንድ ጨርቅ ሆነዋል።
ዓባይ ደጃችንን እየታከከ አልፎ፣
ለእኛ ሲሆን ጊዜ ይተኛል አኩርፎ።

በሦስተኛው ቀን ገባን።
ፍሪጁ ያዜማል፣ ምንም ያልመሰለው፤
ቆሮሶው ድንጋይ ነው፣ ቢመቱት የሚጮኸው።
«ይኸው!» አልኳት፣ «ተርፏል! ሠላሳ ኪሎ ሙሉ!
የእንየው ዱቤ አለ፣ ሆቴሎች ይጠብቃሉ።»

መልስ አልሰጠችኝም። ኩባያውን አነሣች።
ላዩ ጥርት ያለ በረዶ፤ ብሩን ግን አጣች።
ወደ መስኮት ወስዳ በብርሃን ብታየው፣
አንበሳው ከሥር ነው።
ሰጥሞ፣ ከበላዩ ውሃው ዳግም ረግቶ፣
እኛ ያላየነውን ቀልጦ ማደር አይቶ።

«በርበሬ ከበዛበት» አልኩ፣ «ማን ያውቃል?»
«ማንም» አለች። «ሆድ ግን ያውቃል።»

ሲመሽ ከማንጎው ሥር ጉድጓድ ቆፈርሁለት፣
በየአካፋው ጭነት ዕዳዬን ቆጠርሁበት።
የሰፈር ውሾች ከአጥር ውጭ ቆመው
አፈሩን ያሸታሉ።

እሷ ጓዳ ገብታ በረዶውን አቀለጠች፤
ብሩን በሳሙና እንደ ሕፃን አጠበች።
«ከዕዳው አንድ ብር እንቀንስ» ልል ስል፣ ቀደመችኝ፤
ኩባያ ውሃ ሞልታ «ያዝ እስኪ» አለችኝ።