ሁሉንም ጦስኝ

ሮብ ነው፣ ሮብ ገበያ፤ ጭጋጉ ከጮቄ ወርዶ ሳይገፈፍ፣
ጥቁር አዝሙድ በጣሳ ስሰፍር፣ ኮረሪማ በጆንያ ሳሰልፍ፣
መጣች አንዲት ልጅ፤ ጫማዋ የከተማ፣ አረማመዷ የእኛ፣
ጭቃውን ታውቃለች፤ ድንጋይ ትመርጣለች እንደ መንገደኛ።

«ጦስኝ አለሽ?»
«አለኝ» አልኋት፤ «ስንት ጭብጥ?»
«ሁሉንም» አለችኝ፤ ዋጋ ሳትጠይቅ፣ ሳታማርጥ።

ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ መደብ ላይ ቅመም ሸጫለሁ፤
ጦስኝ በጆንያ የሚገዛ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።
ጦስኝ ለሻይ ነው እንጂ፤ ለጉንፋን፣ ለሆድ ቁርጠት፣
ቢበዛ ለድልህ ማሽተቻ አንድ ቆንጥር ጣል የሚያደርጉት።

ልጠይቅ ስል ለየኋት፤ ትብለጥ ናት፣ የአንሙት ልጅ፣ የወፍጮ ቤቱ፣
ዘጠኝ ዓመት ቤይሩት ኖራ፣ በመስከረም የገባች ከቤቱ።
«ዛታር ላደርገው ነው» አለች። እንዲህ ያለ ቅመም ሰምቼ አላውቅ፤
ሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ቆጠረችልኝ፦ ጦስኝ፣ ሰሊጥ፣ ጨው፣ ሱማቅ።

«ማዳም ከኩሽናው ጀርባ ክፍል ነበራት፤ መስኮት የለውም።
መደርደሪያው እስከ ጣሪያ።
በዘይት የተኛ አይብ፣ የርግብ እንቁላል አክሎ የተድቦለቦለ፤
እሳት ላይ ውሎ የጠቆረ የሮማን ጭማቂ፤
እርጎ ከቅንጬ ጋር ተቦክቶ፣ ሰገነት ላይ ደርቆ፣ ዱቄት የሆነ፣
ብርድ ሲመጣ ሾርባ የሚሠሩት።
ስንዴም ነበረ፤ ሳይደርስ ታጭዶ በነበልባል የተለበለበ።
ስከፍተው፣ እናቴ ትሙት፣ የእሸት ጢስ! የጥቅምት! የአባቴ ማሳ ዳር!
ክዳኑን ዘግቼ በሩ ላይ ቁጭ አልሁ።
የምተኛውም እዚያው ነበር፤ ፍራሼ ከጠርሙሶቹ እግር ሥር።
ሌሊት ሌሊት የሚሸተኝ ጦስኝ ነው።
ቤቴ ያለሁ መሰለኝ አልልሽም፤ አልመሰለኝም።
አናደደኝ እንጂ።
ተራራዬን ማን ጠርሙስ ውስጥ ከተተው?»

ምን ይባላል? ዝም አልሁ። ሚዛኔን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥሁ።
የመተማ ሰሊጥ ነበረኝ፤ ሳትጠይቀኝ አንድ ጣሳ መረቅሁ።

ሱማቅ ግን ከየት ይምጣ? ቀይ ነው አለች፣ ጎምዛዛ፣ የዛፍ ፍሬ፤
ገበያው ሁሉ ዳኛ ሆነ፤ ሁሉም አዋቂ ሆነ በወሬ።
«እምብስ ነው» አሉ አለቃ ደሴ፤ «ቅጠሉን ስትነግሪኝ አወቅሁት»፤
አስለቅመን ቀመስን። አፍ ያስራል። እኔ ሦስት ጊዜ ተፋሁት።
«ኮምጣጤ!» አለች ጨው ሻጯ። «ኧረ እንጆሪ!» አለ አንዱ ሰካራም።
መጨረሻ ከዓባይ በረሃ የወጣ ሎሚ፤ ልጣጩ ደረቀ፣ ቆርቆሮ ላይ ከረመም፣
በሙቀጫ ገባ፣ ተወቀጠ፤
ቀይ አልሆነ፣ ሱማቅ አልሆነ፤ ግን ምላስ ነክሶ ያዘ፤ ጨውም አልበለጠ።

በሦስተኛው ሮብ በዘይት ለውሳ አመጣችው፣ በትኩስ ድፎ ላይ፤
የገና ጾም ነው፤ አጎረሰችኝና ፊቴ ላይ ቀረች፣ ምን እንደምል ልታይ።
እውነት ልናገር? ጮቄን አልቀመስሁም፤ ቤይሩትንም አላውቅም፤
ጉንፋን ሲይዘኝ የምጠጣው ሻይ ነው፣ ዳቦ ላይ ተኝቶ፣ ሌላ ምንም።
«ይኸ የጉንፋን መድኃኒት ነው!» አልኋት። ያን ጊዜ ሳቀች፣ ከመጣች ያልሳቀችውን፣
ሰው ዞሮ እስኪያይ፤ የአባቷ ወፍጮ እህል ሲያልቅበት፣ ድንጋይ ሲፈጭ ድንጋዩን።

ገዢ እንኳ አልበዛም። አንዷ ዶሮ ወጥ ላይ ነሰነሰችው፤ «አበላሸሽኝ» ብላ መጣች፤
ሌላዋ ለልጆቿ ቁርስ ወሰደች፤ እሷ ግን ደግማ መጣች።
አሁን ከድልሁ ጎን፣ መደቤ ላይ፣ አንዲት የማርማላታ ጠርሙስ አለች፣
ክዳን የላትም።
«ሽታው ይሄዳል፣ ክደኚው» እላታለሁ።
«ይሂድ» ትላለች።