ሲነሣ የሚወድቀው

ቂርያት ጋት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ማዶ፣
በፋላፍል ቤቱና በቁልፍ ቀራጩ መሐል፣ በጠባብ በር ተጋርዶ፣
ሱቅ አለኝ፤ ሱቅ ካሉት፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማራገቢያ፣
የብሎን ጣሳዎች፣ የሞቱ ማሽኖች መደርደሪያ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ አቶ ቸኮል መጡ፤
ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልለው ይዘው፣ ሳይጋበዙ ተቀመጡ።
«መነሣቱንስ ይነሣል» አሉኝ፤ «አርማው ቦግ ይላል፣
ነጫጭ ነጥቦች ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ከዚያ ድፍት ይላል።
ደግሞ ይነሣል። ደግሞ ይደፋል።
ሌሊቱን ሳየው አደርኩ፤ ሰው ቢሆን እኮ ይታክተው ነበር፤ እሱ ምን ያውቃል።»

ምን ነክተው ነበር? ብዬ ጠየቅሁ።
ፎጣውን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ አጠፉ፤ እኔም ዝም ብዬ ጠበቅሁ።
«ከፖስታ ቤት ነን ይላል፤ ጥቅል መጥቶልዎታል፣
አሥራ ሁለት ሼቄል ይክፈሉ፣ እዚህ ይጫኑ፣ ደጅዎ ይደርስዎታል።
እኔ ጥቅል የሚልክልኝ የለኝም። ግን ማን ያውቃል ብዬ፣
ተጫንኩት፤ በዚህ ጣቴ፤ መነጽሬን እንኳ አውቶቡስ ላይ ጥዬ።»

የእኅታቸው ልጅ ኤልያሳፍ፣ ከጦር ሰፈር መጥቶ፣
ሰንበት እንደ ወጣ ማጽጃ ጭኖበት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ተባይ ለቅሞ አውጥቶ፣
«ድኗል» ብሏቸው ሄደ።
መውደቁ ግን ያን ሌሊት ተወለደ።

ገልብጬ ፈታሁት። አቧራ፣ የሱፍ ፍሬ ቅርፊት፣ አንድ የማበጠሪያ ጥርስ።
ራሙን ነቅዬ እግሩን በላጲስ ፈገፈግሁ፤ መልሼ ሰካሁት፤ አሁንም መነሣት፣ መፍረስ።
ዲስኩ ጤነኛ ነው። ሙቀቱም ደኅና።
በሴፍ ሞድ ሞከርኩት፤ ያለ ጌጥ፣ ያለ ድምፅ፣ በግማሽ እንቅልፍ፣ በዝግታ ተነሣና
ቆመ።

ኮምፒውተር ሲነቃ ስም ይጠራል፣ እንደ ክፍል አለቃ፦
ሰዓት! አቤት። ድምፅ! አቤት። ፊደል! አቤት፤ እስኪያበቃ።
መዝገቡን ከፍቼ ወረድኩ። ከታች አንድ ስም፣ ትርጉም የለሽ የፊደል ክምር፣
ተባዩ የጻፈው፤ ልጁ ተባዩን ገደለ እንጂ ስሙን አልነካውም ነበር።
ማሽኑ በነቃ ቁጥር ይጠራዋል። አቤት የሚል የለም።
ይጠብቃል። ይጠራል። መልስ ሳይሰማ ማለፍ አይችልም፤
ይወድቃል።

«እና?» አሉኝ። ይሰረዛል፣ አልኳቸው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።
«ቆይ፤ መጀመሪያ የእድሩን መዝገብ አሳዪኝ፤ እሱ ከጠፋ ዓይኔም አያይም።»
ከፈትኩት፤ አለ። መቶ ሠላሳ ሰባት ቤተሰብ፣ በየወሩ ሠላሳ ሼቄል፣
በሁለት ጣት የተተየበ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ረድፍ ሳይጎድል።
ሰማንያ አራተኛው ላይ ደምለው አየነው፤ እስከ ያዝነው ወር ከፍሏል።
ደምለው? የሕንጻ ሠራተኛው? ቀብሩ ላይ እኔም ነበርኩ፤ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

አቶ ቸኮል ወደ መናኸሪያው አዩ፤ አንድ አውቶቡስ ተንፍሶ በሩን ዘጋ።
«ስም እጠራለሁ» አሉ፤ «ወሩ በገባ እሁድ፣ ማታ፣ ሙቀቱ ሲረጋ፤
ደምለው ስል ዝም ይላል ቤቱ። እኔው አቤት እላለሁ፣
ሠላሳዋን ከኪሴ አወጣለሁ።
ደንቡ ደንብ ነው፤ የከፈለ አይሰረዝም።»
እኔም ምንም አላልኩም።

የማሽኑን ግን ሰረዝኩት። አጠፋሁ፣ አበራሁ።
አርማው። ነጥቦቹ። አምስት ቆጠርኩ፣ ስድስት፣ ሰባት፤ መቁጠሩንም ፈራሁ።
መጣ። ሰማያዊ መስክ፣ ሰዓቱ በአንድ ቀን የዘገየ፤
የአቶ ቸኮል ጣት ተዘርግቶ ሳይነካው ተመለሰ፤ ዐይናቸው ብቻ አየ።

መቶ ሃያ ከፈሉ፤ ቀሪውን ለእሁድ አሉ፤ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩላቸው።
ሊወጡ ሲሉ ዞሩ፤ ፎጣው በክንዳቸው፤
«ያ የሰረዝሽው ስም፣ ማን ነበር?»
ከማስታወሻዬ አነበብኩላቸው፦ ኪው፣ ኤክስ፣ ሰባት፣ ዜድ፣ ዜድ፣ አር።
ትንሽ አሰቡበት። በአፋቸው ደግመው ሞከሩት፤ አልሆነም።
«እንግዲያ» አሉ፣ «ስም አይደለም።»