የባዶ ልክ

ከፖሊ ግቢ ጓሮ፣ ሐይቁ በሚሸትበት ክፍል፣
አሳ ማድረቂያው ማሽን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።
ቀረሶው በትሪ ተደርድሯል፣ በበረዶ ደርቆ፤
መቆጣጠሪያው ግን የለም፣ በሐምሌ መብረቅ ነዶ፣ ጥላሸት ሆኖ ወድቆ።
“ይገዛ” አልኩ። ዋጋውን ሲሰሙ ዝም አሉ።
“ሥራው” አሉኝ። ሥራው ሲሉት ቀላል፣ ሲይዙት ነው ጉዱ ሁሉ።

ጌጇ አውራ ጣቴን ታክላለች፤
በሆዷ ፀጉር የመሰለች ሽቦ አዝላለች።
በሽቦዋ ትከሻ ላይ ሁለት የማይመሳሰሉ ብረቶች
ተበይደው ቆመዋል፣ እንደ ባላንጣ ምስክሮች፤
ሙቀት ሲነካቸው ብቻ ቃላቸውን ይሰጣሉ፣
እሱም ሹክሹክታ ነው፤ አሥር ሚሊቮልት እንኳ ቢሞሉ።

በማይዋዥቅ ኮረንቲ ሽቦዋን አሞቃታለሁ።
አየር ካለ፣ እየመጣ ይነካታል፤
እያንዳንዱ ቅንጣት ቆንጥሮ ትኩሳቷን ይጋራታል።
አየር ሲያልቅ፣ የሚጋራት ሲጠፋ፣
ሽቦዋ ብቻዋን ትግላለች።
የባዶ ልኩ ይኸው ነው፤
ብቻዋን ስንት ጋለች?

ትራንስፎርመሩን ከሞተ ራዲዮ ፈታሁ፤
ማጉያዋን ቺፕ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።
ማታ ካውያዬ ሲግል፣ የጣና ትንኝ አምፖሉን ብሎ ይገባል፣
ከቀለጠው ስታኞ ላይ ወድቆ፣ ጢስ ብሎ ይቀራል።
ሁለት ሌሊት ቀስቱ ሲንቀጠቀጥ፣ መንስኤው ጠፍቶኝ ስባዝን፣
በሦስተኛው አንዷን ብየዳ ብፈታት፣ ክንፍ አገኘሁ በመሐል።

መጽሐፉ፣ “በአየር ሰባት መቶ ስልሳ ብለህ ጀምር” ይላል፤
የጻፈው ሰው ባሕር ዳር ሲባል ባሕር መስሎታል!
እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ስድስት መቶ አሥራ አምስት ቢሆን ነው፤
ውኃችን እንኳ መቶ ሳይደርስ ነው የሚፈላው።
ጋሽ ይርሳው ሳቁ። ከጨርቃ ጨርቅ ጡረታ የወጡ፣
የሜርኩሪ መለኪያቸውን በፎጣ ጠቅልለው ይዘው የመጡ።
“አትጨነቅ፣ በዚያ በኩል ደንቆሮ ናት።
ጆሮዋ የሚከፈተው አየሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ነው፤
በል ካቻቢቴውን አቀብለኝ።”

ፓምፑ ዘይቱን እያጉረመረመ፣
እሳቸው ሜርኩሪውን ያነባሉ፣ እኔ ቀስቱን፤
ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን አሰፍራለሁ ሁለቱን።
ግማሽ። ሩብ። አንድ አሥረኛ።
በአንዱ ጥግ ቁጥሮቹ ይጋፋሉ፣ እንደ ቅዳሜ ገበያተኛ፤
በሌላው ጥግ ሜዳ ነው።

ከዚያ መብራት ሄደ።

ቫልቩን በእጄ ዘጋሁት፤ ባዶው እንዳለ ነው።
ማንበቢያው ግን በባትሪ ነው፣ ቀስቱ ተንሸራቶ ወረደ።
“ሞልቷል” አለ።
አልዋሸም። ሽቦዋ ቀዝቅዛለች፤ እሱ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

በጨለማው ውስጥ ቆሜ የእናቴን ልቅሶ አሰብኩ።
ድንኳኑ እስኪነሳ፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣
ሁሉም ከትኩሳቴ ቆንጥሮ ወሰደ፣ ቆሎ ዘግኖ እንደሚወጣ።
ሰው ሲበተን ጋልኩ፤
ሌሊት ግድግዳው እስኪሰማኝ።
በኋላ አንድ ቀን፣ የትኛው እንደሆነ እንጃ፣
ውስጤ ኮረንቲው ቆመ።
“ተመስገን፣ በረታ” አሉ ጎረቤቶች፤ “ቀዝቀዝ አለለት።”
ቀስቱን ነበር ያነበቡት።

“ምን ሆንክ? ድምፅህ ጠፋ” አሉ ጋሽ ይርሳው።
“አንድ መብራት ረስተናል” አልኳቸው።
“የሄደው እኛ ረስተነው መሰለህ?” ሳቃቸው ሳላቸውን ቀሰቀሰው።

ሲመጣ፣ ከቀስቱ ጎን ቀዳዳ በሳሁ፤
አረንጓዴ፣ የምስር ፍሬ የምታህል፣
ኮረንቲ በሽቦዋ ሲያልፍ ብቻ የምትበራ።
ከሥሯ በእጄ ጻፍኩ፤ “መጀመሪያ እኔን እይ።”
ጋሽ ይርሳው መነጽራቸውን ገፍተው አነበቡት፣
ለማን እንደሆነ አልጠየቁም።

ቀረሶው ለስልሶ ውኃ ማንጠብጠብ ጀምሯል፤
የግቢዋ ድመት ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።
አዲስ ገጽ ገለጥኩ።
“ግማሽ” አሉ።